ከአሸዋ የተወለደ ጎማ

የአንድ ነገር ጥቅም ከተገኘበት ቀን ጋር አብሮ አይወለድም። አንዳንዱ ግኝት ገና ሲታይ በእልልታ ይቀበሉታል፤ ሌላው ግን ለብዙ ዘመን ከደጅ ቆሞ የሚያስገባው ያጣል። በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናቀርብ ያሰብነው የሲሊኮን ጎማ ከሁለተኛው ወገን ነው። ዛሬ ሕፃን የሚጠባበት የጡጦ ጫፍ፣ በሽተኛ የሚተነፍስበት ጭምብል፣ በሞተር ውስጥ ዘይት እንዳይፈስ የሚከለክለው ማሸጊያ፣ በወጥ ቤት ኬክ የሚጋገርበት ተጣጣፊ ዕቃ ከዚሁ ጎማ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ የዚህ ሁሉ ምንጭ የሆነው ነገር በመጀመሪያ በላቦራቶሪ ውስጥ ሲታይ፣ አግኚው ራሱ ይረባል ብሎ ያልገመተው ሙጫ መሰል ዝቃጭ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ እዚህ እንዴት እንደ ደረሰ ማወቅ ለተማሪውም፣ ለአስተማሪውም፣ የመንግሥትን ሥራ ለሚመራውም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰሙና ጭቃው

ስለ ጎማው ከመናገራችን በፊት ስለ ቅርጽ ማውጣት ጥበብ ጥቂት ቃል እንበል። ይህ ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአገራችን አንጥረኛ መስቀል ሲሠራ አስቀድሞ ምስሉን በሰም ያበጃል፤ ሰሙንም በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃው በእሳት ሲተኮስ ሰሙ ይቀልጥና በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራም የቀለጠው ወርቅ ወይም ብር ወይም ናስ ይፈስበታል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል፤ መስቀሉም ይወጣል። የቅኔ መምህራን የቃልን ውጭና ውስጥ ሰምና ወርቅ ብለው የሰየሙት ከዚሁ ሥራ ወስደው ነው።

በዚህ ብልሃት ውስጥ ግን አንድ ችግር አለ። ሰሙ አንድ ጊዜ ከቀለጠ፣ ጭቃውም አንድ ጊዜ ከተሰበረ፣ ሁለተኛውን መስቀል ለማውጣት ሥራው እንደገና ከሰሙ ይጀመራል። ከዚህ የተነሣ በየአገሩ የነበረ ቅርጽ አውጪ ሁሉ የሚመኘው አንድ ዓይነት መቅረጫ ነበር፤ ይኸውም የጥፍርን ጭረት እንኳ ሳያስቀር የሚቀበል፣ ሲለጥጡት ተለጥጦ ሳይሰበር የሚለቅ፣ ሙቀት የማያበላሸው፣ ከተቀረጸው ነገርም ጋር የማይጣበቅ መቅረጫ ነው። እነዚህን አራት ጠባዮች በአንድነት የያዘ ነገር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አልተገኘም ነበር።

ከዛፍ የሚገኘው ጎማ

ከዛፍ ጭማቂ የሚገኘው ጎማ ከአራቱ ጠባዮች አንዱን፣ ማለት መለጠጥን፣ አሟልቶ ይዟል። የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝቦች ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ ከዚህ ጭማቂ ኳስ ይሠሩ ነበር። ነገር ግን ጥሬው ጎማ በሙቀት ይጣበቃል፤ በብርድ ደግሞ ደርቆ ይሰበራል። ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ በ1839 ዓ.ም. ጎማውን ከድኝ ጋር አዋሕዶ ቢያሞቀው ይህ ሁሉ ጉድለት እጅግ እንደሚቀንስ አወቀ፤ በ1844 ዓ.ም. የባለቤትነት ማረጋገጫ ተሰጠው። እርሱ ግን በ1860 ዓ.ም. ሲሞት ሀብት ሳይሆን ዕዳ ትቶ ሞተ።

በጉድይር ብልሃት የበሰለው ጎማ ዓለምን በጎማ እግር ላይ አስኬደ፤ ሆኖም ከጠላቶቹ ጨርሶ አላመለጠም። ፀሐይና አየር እያደር ይሰነጣጥቁታል፤ ከፍ ያለ ሙቀትም ያደርቀዋል። በ1942 ዓ.ም. የጃፓን ጦር ማላያንና የምሥራቅ ህንድ ደሴቶችን በያዘ ጊዜ አሜሪካ ከምትጠቀምበት የዛፍ ጎማ አብዛኛው ምንጭ ተዘጋባት። በዚህ ጊዜ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ሰው ሠራሽ ጎማ በብዛት ማምረት ተጀመረ። ይህም ቢሆን እንደ ዛፉ ጎማ ሁሉ አከርካሪው ካርቦን በመሆኑ የአውሮፕላንን ሞተር ግለት የሚችል አልነበረም። ግለቱን የሚችለው ጎማ የመጣው ከዛፍም ከነዳጅም ሳይሆን ማንም ከማይጠብቀው ቦታ፣ ከአሸዋ ነው።

የኖቲንግሃሙ መምህር

አሸዋና ድንጋይ በአብዛኛው ሲሊከን ከተባለው ንጥረ ነገርና ከኦክሲጂን የተሠሩ ናቸው። ከምድር ቅርፊት ክብደት ውስጥ ከ100 እጅ 28 ያህሉ ሲሊከን ነው፤ በብዛት የሚበልጠው ኦክሲጂን ብቻ ነው። ስዊድናዊው ሊቅ ቤርሴልየስ በ1824 ዓ.ም. ይህን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። በ1863 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ፍሪዴልና አሜሪካዊው ክራፍትስ ሲሊከንን ከካርቦን ጋር ያዋሐደ የመጀመሪያውን ውሕድ ሠሩ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ፍሬድሪክ ስታንሊ ኪፒንግ ተወለደ።

ኪፒንግ በኖቲንግሃም የኬሚስትሪ መምህር ሆኖ ከ1899 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በሲሊከን ውሕዶች ላይ ሠራ፤ ከ50 በላይ ጥናቶችንም አሳተመ። የሚፈልገው ጥርት ያሉና እንደ ጨው የሚረጉ ውሕዶችን ነበር። በሚሠራበት ጊዜ ግን ደጋግሞ በዕቃው ግርጌ የሚቀርበት እንደ ዘይት የወፈረ ወይም እንደ ሙጫ የተጣበቀ ነገር ነበር። ይህን ሙጫ ከሥራው መሰናክል እንጂ ከሥራው ፍሬ አልቈጠረውም። ሲሊኮን የሚለውን ስም ያወጣው እርሱ ነው፤ ይህንንም ያደረገው ውሕዶቹ ኬቶን የተባሉትን የካርቦን ውሕዶች ይመስላሉ ብሎ በማሰቡ ነው። ኋላ እንደ ታወቀው አሠራራቸው ከኬቶን የተለየ ነው፤ ስሙ ግን ጸንቶ ቀረ። እንግዲህ አንባቢ እንዲለይልን የምንፈልገው ሲሊከን የንጥረ ነገሩ ስም፣ ሲሊኮን ደግሞ ከእርሱ የሚሠራው ውሕድ ስም መሆኑን ነው።

ይህ መምህር በ1936 ዓ.ም. በለንደን ሮያል ሶሳይቲ ፊት ባደረገው ንግግር የሕይወቱን ሥራ ከመዘነ በኋላ፣ በዚህ የዕውቀት ክፍል በቅርብ ጊዜ ትልቅ እርምጃ ይገኛል ብሎ ተስፋ ለማድረግ እንደማይደፍር ገለጸ። ነገሩ የሚያሳዝንም የሚያስደንቅም ነው። ምክንያቱም እርሱ ይህን በተናገረ በ10 ዓመት ውስጥ ሲሊኮን በፋብሪካ ይመረት ጀመር። ኪፒንግ እስከ 1949 ዓ.ም. በሕይወት ስለ ቆየ ይህን ለማየት በቅቷል። የፋብሪካዎቹ ሊቃውንት ሥራቸውን ሲጀምሩ ግን በእጃቸው የነበረው መመሪያ የእርሱ ጥናቶች ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ያለ ትርፍ ያን ሙጫ መዝግቦ ባያቆይላቸው ኖሮ የሚነሡበት መሠረት ባልኖራቸው ነበር።

ከላቦራቶሪ ወደ ፋብሪካ

በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ክፍል የሚገኘው የኮርኒንግ መስተዋት ፋብሪካ በ1930ዎቹ ዓመታት ፕላስቲክ የመስተዋትን ገበያ ይወስድብኛል ብሎ ሰግቶ ነበር። ስለዚህ ጄምስ ፍራንክሊን ሃይድ የተባለውን ኬሚስት በመስተዋትና በፕላስቲክ መካከል ያለ ነገር እንዲፈልግ አሰማራው። ሃይድ የኪፒንግን ጥናቶች ተከትሎ ሙቀት የሚችል ሙጫ ሠራ፤ ይህም ከመስተዋት ክር ጋር ሆኖ የኤሌክትሪክ ሽቦን ለመሸፈን ዋለ። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሊቃውንት ይህን አይተው በበኩላቸው ምርምር ጀመሩ። ከእነርሱ አንዱ ዩጂን ሮኮው ግንቦት 10 ቀን 1940 ዓ.ም. ሜቲል ክሎራይድ የተባለውን ጋዝ ከመዳብ ጋር በተደባለቀና በጋለ ሲሊከን ላይ ቢያሳልፈው፣ የሲሊኮን መነሻ የሆነው ፈሳሽ በቀጥታ እንደሚገኝ አረጋገጠ። በጀርመን አገር ሪቻርድ ሙለር ብዙም ሳይቆይ ለብቻው ወደዚሁ ብልሃት ደረሰ። ከዚህ በፊት የነበረው መንገድ ውድና አደገኛ ስለ ነበር፣ ሲሊኮንን ከላቦራቶሪ ብርጭቆ አውጥቶ ወደ ፋብሪካ ጋን ያስገባው ይህ ግኝት ነው ለማለት ይቻላል። ዛሬም የዓለም ሲሊኮን የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

በ1943 ዓ.ም. የኮርኒንግ ፋብሪካና ዳው የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ተባብረው በሚሺጋን ክፍል በሚድላንድ ከተማ ዳው ኮርኒንግን አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሸቀጣቸው በከፍታ የሚበሩ የጦር አውሮፕላኖች የሞተር ማቀጣጠያ በእርጥበት ምክንያት እንዳይጠፋ የሚቀባ ቅባት ነበር። ጎማውም ብዙ አልዘገየም። በ1944 ዓ.ም. ሁለቱም ኩባንያዎች የሲሊኮን ጎማ አወጡ፤ ከመጀመሪያዎቹ አገልግሎቶቹም አንዱ በባሕር ኃይል መርከቦች ላይ በነበሩት ታላላቅ የፍለጋ መብራቶች ግለት አጠገብ መስተዋቱን አሽጎ መያዝ ነበር።

ይህ ጎማ ግለትን የሚችልበት ምክንያት በውስጡ ነው። አከርካሪው ሲሊከንና ኦክሲጂን እየተፈራረቁ የሚያያዙበት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ይህም ማያያዣ ድንጋይንና መስተዋትን ከእሳት የሚጠብቀው ራሱ ነው። በሰንሰለቱ ጎንና ጎን ግን ከካርቦንና ከሃይድሮጂን የተሠሩ ትናንሽ ክፍሎች አሉ፤ ልስላሴውንና ውሃን የመግፋት ጠባዩን የሚሰጡት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ ግማሹ ድንጋይ፣ ግማሹ ዘይት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ በሆነ ብርድ ይለጠጣል፤ ከዜሮ በላይ በ200 ዲግሪ ሙቀትም ጠባዩን አይለውጥም። በ1969 ዓ.ም. በጨረቃ ላይ የተራመደው ጫማ ሶሉ ከዚህ ጎማ መሠራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ ግን አንድ ትልቅ ድካም ነበረበት። ብቻውን የበሰለ የሲሊኮን ጎማ በእጅ ሲጎትቱት እንደ አይብ ይቈረሳል። ይህን ድካም ያስወገደው ደግሞ ሌላ አሸዋ ነው። በጀርመን አገር ዴጉሳ የተባለው ኩባንያ በ1940ዎቹ ዓመታት የሲሊከንን ውሕድ በእሳት ነበልባል ውስጥ በማቃጠል ከዱቄት ሁሉ የላቀ ሲሊካ ማምረት ጀምሮ ነበር። ይህ ብናኝ ከጎማው ጋር ሲለወስ ጥንካሬው ከ10 እጥፍ በላይ ይጨምራል። ከአሸዋ የተወለደው ጎማ ጉልበቱንም ያገኘው ከአሸዋ ነው።

የአሠራሩ መሻሻል

በመጀመሪያው ዘመን የሲሊኮን ጎማ እንደ ሊጥ ወፍራም ሆኖ ይለወስና በጋለ የብረት መቅረጫ ውስጥ በከባድ መጫኛ ተጨምቆ ለብዙ ደቂቃዎች ይበስል ነበር። ይህ ለፋብሪካ እንጂ ለአነስተኛ ዎርክሾፕ የሚመች አልነበረም። በ1950ዎቹ ዓመታት ያለ እሳት በቤት ሙቀት የሚረጋው ዓይነት ወጣ። ሠራተኛው ሁለት ፈሳሾችን ቀላቅሎ በምስሉ ላይ ያፈስሳል፤ በማግሥቱ ምስሉን የለበሰ ተለጣጭ መቅረጫ ያገኛል። ቅርጽ አውጪዎች ለዘመናት የተመኙት ነገር በዚህ ጊዜ ከእጃቸው ገባ።

ቀጥሎ የመጣው እርምጃ የፕላቲነም ነው። በ1957 ዓ.ም. የዳው ኮርኒንግ ኬሚስት ጆን ስፓየር ጥቂት የፕላቲነም ውሕድ የሲሊከን ውሕዶችን መያያዝ እጅግ እንደሚያፋጥን አሳየ። በዚህ ብልሃት የሚረጋው ጎማ የሚተንን ነገር ስለማያወጣ መጠኑ የሚቀንሰው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ ምስሉንና ቅጂውን በመለኪያ ለመለየት ያስቸግራል። ነገር ግን ፕላቲነም ቁጡ ነው፤ ድኝ ያለበት ጭቃ ከነካው ይመረዝና ጎማው ሳይረጋ ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል። የጉድይርን ጎማ ያዳነው ድኝ የዚህኛው ጠላት መሆኑን በየዎርክሾፑ ያለ ጀማሪ ሁሉ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በመርፌ እንደሚወጋ መድኃኒት ወደ መቅረጫው የሚገፋ ፈሳሽ የሲሊኮን ጎማ ለፋብሪካ ቀረበ። ይህ አሠራር ከፕላስቲክ አሠራር ተቃራኒ ነው። ፕላስቲክ በመኪናው ውስጥ ቀልጦ በቀዝቃዛ መቅረጫ ውስጥ ይረጋል፤ ይህ ጎማ ግን በቀዘቀዘ ቱቦ ተጉዞ በጋለ መቅረጫ ውስጥ ይረጋል። ብዙ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ሥራ በሴኮንዶች የሚቈጠር ሆነ። በአንጻሩም የብረት ሠራተኛው ኃላፊነት ከበደ፤ ፈሳሹ እጅግ ቀጭን በመሆኑ የመቅረጫው ሁለት ግማሾች በትክክል ካልገጠሙ ከሰው ጠጉር በቀጠነ ክፍተት እንኳ ሾልኮ ይወጣል። እንዲህ ያለውን መቅረጫ የሚያበጅ ሰው ከሊቁ ያነሰ ዕውቀት አለው ብሎ የሚያስብ ቢኖር፣ ሥራውን ቀርቦ ያላየ ነው።

የአንድ አባት ሥራ

የእጅ ሥራ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በሚከተለው ታሪክ ይታያል። በ1955 ዓ.ም. መጨረሻ በፊላደልፊያ ከተማ አቅራቢያ ለጆን ሆልተር ኬሲ የተባለ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ሆልተር በቁልፍ ፋብሪካ የሚሠራ መካኒክ ነበር። ሕፃኑ በአንጎሉ ውስጥ የሚመላለሰው ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ጭንቅላቱ የሚያብጥበት ሕመም ነበረበት። ሐኪሙ ዩጂን ስፒትዝ ፈሳሹን በቱቦ ወደ ደም ሥር ለማውረድ አስቀድሞም ሞክሮ ነበር፤ ችግሩ ግን ፈሳሹን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል፣ ሰውነትም የሚቀበለው ቫልቭ አለመገኘቱ ነበር።

ሆልተር የሕክምና ትምህርት አልነበረውም፤ ብረትንና ጎማን ግን ያውቃል። በቱቦ ላይ የሚደረግ ትንሽ ስንጥቅ ግፊት ሲመጣ እንደሚከፈት፣ ግፊቱ ሲቀንስም በራሱ እንደሚዘጋ አሰበ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የሞከራቸው የጎማ ዓይነቶች ግን አላገለገሉትም። በመጨረሻ ሙቀት የማያበላሸውን፣ ሰውነትም የማይጣላውን የሲሊኮን ጎማ አገኘ፤ ቫልቩንም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሠራ። በ1956 ዓ.ም. መጋቢት ወር ቫልቩ መጀመሪያ የገባው ለሌላ ሕፃን ነው፤ ኬሲ ያን ጊዜ ለቀዶ ሕክምና እጅግ ደክሞ ነበርና። ኬሲ በ5 ዓመት ዕድሜው ገደማ ሞተ። አባቱ የሠራው ቫልቭ ግን በብዙ አገር ሕፃናትን አዳነ። ዛሬም ለዚህ ሕመም የሚገባው ቱቦ በአብዛኛው ከሲሊኮን ጎማ የሚሠራ ነው፤ የአንጎል ቀዶ ሕክምና በሚሰጥባቸው በአገራችን ሆስፒታሎችም ለሕፃናት ይገባል። አባት ለልጁ ብሎ የጀመረው ሥራ ለልጁ ባይደርስም ለሌሎች ልጆች ደርሷል።

መልክና እውነት

ነገር ግን ቅርጽ የማውጣት ጥበብ መልክን እንጂ እውነተኛነትን አይቀርጽም። ለዚህ ምስክር የሚሆነው በፈረንሳይ አገር የሆነው ነው። በ1962 ዓ.ም. በሂውስተን ከተማ ሁለት ሐኪሞች የሲሊኮን ጡት ለመጀመሪያ ጊዜ በሴት ሰውነት ውስጥ አስገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው በዓለም ተስፋፋ። በ2010 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ተቈጣጣሪዎች ፒ.አይ.ፒ. የተባለው ኩባንያ ለሕክምና የተፈቀደውን ሲሊኮን ትቶ ለፋብሪካ ሥራ የሚውለውን ርካሽ ሲሊኮን ይሞላ እንደ ነበር ደረሱበት። መሥራቹ በ2013 ዓ.ም. አራት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በዓለም ላይ 300 ሺህ ያህል ሴቶች ግን ዕቃውን በሰውነታቸው ይዘው ነበር። በውጭ ሲታይ ሐሰተኛው ከእውነተኛው አይለይም ነበር። ስለዚህ አንድ አገር ፋብሪካ ሲያቋቁም ከመኪናው ጎን የሚመረምርና የሚቈጣጠር ሰው ማቆም እንደሚገባው ከዚህ እንረዳለን።

ምን እንማራለን

አሁን ወደ አንጥረኛው ሰም እንመለስ። የሲሊኮን ጎማ ሰሙን ከሥራ አላስወጣውም። በዘመናዊ የጌጣጌጥ ፋብሪካ የመጀመሪያው ምስል በሲሊኮን ጎማ ይቀረጽና በዚያ መቅረጫ የቀለጠ ሰም እየተሞላ አምሳያው በብዛት ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሰሙ እንደ ጥንቱ ይለበጣል፣ ይቀልጣል፣ ወርቁም ይፈስሳል። አዲሱ ጥበብ የጥንቱን አልሻረውም፤ ጉድለቱን ሞላለት እንጂ። በሙዚየሞችም ዋናውን ቅርስ በካዝና ጠብቆ ለተመልካች ቅጂውን ማሳየት የተለመደ ሥራ ነው፤ በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ሕዝብ የሚያየው የድንቅነሽ አጥንት ቅጂ ነው። ለእንዲህ ያለው የቅጂ ሥራ በዛሬው ዓለም ከሁሉ ይልቅ የሚያገለግለው መቅረጫ የሲሊኮን ጎማ ሆኗል።

ከዚህ ታሪክ ለራሳችን የምንወስደው ነገር አለ ብለን እናስባለን። የምርምር ገንዘብ የሚያከፋፍል ባለሥልጣን ዛሬ ምን ትጠቅማለህ ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ ኪፒንግ የመጀመሪያውን አምስት ዓመት እንኳ ባልዘለቀ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ የኪፒንግ ጥናት የሚያነብለት ፋብሪካ ባያገኝ ኖሮ በመጻሕፍት ቤት አቧራ ለብሶ በቀረ ነበር። ፋብሪካውም ጎማውን ቢያወጣ፣ በስንጥቅ ቱቦ ሕፃን እንደሚድን ያሰበው በቁልፍ ፋብሪካ የሚሠራ ባለእጅ ነው። በአገራችን ባለእጅን ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ በብዙ ስፍራም ገና አልጠፋም። አስተማሪ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቹ ሲነግር የመምህሩን ስም ብቻ ሳይሆን የመካኒኩንም ስም አብሮ ቢያነሣ፣ ተማሪው መጽሐፉን በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን እጁን ለሥራ እንዲዘረጋ ያስተምረዋል። አሸዋው በየወንዛችን ዳር አለ፤ የጎደለን ካለ፣ ያልታወቀውን ነገር በትዕግሥት የሚመረምርና የታወቀውን በእጁ የሚሠራ ሰው አብረው የሚቀመጡበት ዎርክሾፕ ነው።